ጅምር ሕንፃ የተረከበ መሐንዲስ ኃላፊነቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

መላሹ፦ ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ ከብዙ ሰው ስለደረሰኝ ሁሉንም በአንድ ቦታ ልመልስ። የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ሲንር ሁለተኛና ሦስተኛ ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) ላይ የቆሙ ሕንፃዎች በከተማችን አሉ። ባለቤቱ ገንዘብ አግኝቶ ሥራውን ሲቀጥል የመጀመሪያው መሐንዲስ አይገኝም። አንድ ወጣት ይጠራና «እዚህ ላይ ፈርም» ይባላል። እኔ የስትራክቸር መሐንዲስ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ከሕግ የምጠቅሰው ማንኛውም መሐንዲስ ሊያውቀው የሚገባውን ያህል ብቻ ነው። ስለ ግብር፣ ስለ ደመወዝና ስለ ካሬ ዋጋ አትጠይቁኝ። አዲስ ጥያቄ ከማቅረባችሁ በፊት ደግሞ ቀድሞ የተመለሰውን አንብቡ።

ወጣት መሐንዲስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አቶቴ አካባቢ አንድ ጂ+4 ሕንፃ ላይ የክትትል ሥራ ተሰጥቶኛል። ፈቃዱ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን ሁለተኛው ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ቆሞ ሦስት ክረምት አልፎበታል። የቀድሞው መሐንዲስ ከተማውን ለቋል። የኪዩብ ውጤትም (አርማታው ሲሞላ በተወሰደ ናሙና ላይ የተደረገ የጥንካሬ ሙከራ) ሆነ የሳይት መዝገብ አልተገኘም። ባለቤቱ «የታችኛው ያለቀ ነው፣ አንቺ ከላይ ያለውን ብቻ ተከታተይ» ይሉኛል። ታች አንድ ነገር ቢፈጠር የምጠየቀው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?

መላሹ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ የተሟላ ስለሆነ በሰፊው እመልስልሻለሁ።

ከላይ ያለውን ብቻ መከታተል የሚባል ነገር የለም። ሕንፃ ጭነቱን ወደ ታች ያወርዳል። ሦስተኛው ሶሌታ እንዲሞላ ስትፈቅጂ፣ ከሥሩ ያሉት ኮለኖች (ምሰሶዎች)፣ መሠረቱና አፈሩ ይህን ጭነት ይሸከማሉ ብለሽ ፈርደሻል ማለት ነው። ኮለኑን ያስሞላው ሌላ ሰው ነው፤ በላዩ ላይ ለመጫን የወሰንሽው ግን አንቺ ነሽ። ኃላፊነትሽ የሚመነጨው ከዚህ ውሳኔ ነው። «እኔ አልሠራሁትም» የሚለው መከላከያ የሚያገለግለው ምንም ሳትጨምሪበት ለወጣሽበት ሥራ ብቻ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ማክበር እንዳለበት ይደነግጋል። የሙያውን ግዴታ አለማወቁን በግልጽ በሚያሳይ ቸልተኝነት ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል። ያለፈውን ሥራ ሳይመረምሩ በላዩ መገንባት ከሙያው ደንብ ውጭ ስለመሆኑ የሚከራከርሽ መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም። የቀድሞው ሰውም ነፃ አይወጣም። ነገር ግን አንቀጽ 2155ን አንብቢ። ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ተጠያቂ ሲሆኑ ኃላፊነታቸው በአንድነትና በተናጠል ነው። ተጎጂው ካሳውን በሙሉ ከአንዳችሁ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ከሁለታችሁ በቀላሉ የሚገኘው ማን እንደሆነ ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ እሱ ከተማ ውስጥ የለም።

ሰው ከሞተ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2፣ የሌላውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። ካሳ ለሁለት ይካፈሉታል፤ እስር ግን እያንዳንዱ በራሱ ጥፋት የሚገባበት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የቀድሞው መሐንዲስ ውል መቋረጡን ባለቤቱ በጽሑፍ ይስጡሽ። ለእሱም ሥራውን እየተረከብሽ መሆኑን አሳውቂው፤ የትም ይሁን የት ስልክ አለው። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ ፊዲክ የምንለው፣ በሥነ ምግባር ደንቡ ውስጥ በግልጽ አስቀምጦታል፦ የቀድሞውን ባለሙያ ሳታሳውቅና ውሉ መቋረጡን ከአሠሪው በጽሑፍ ሳታገኝ የሌላ አማካሪን ሥራ አትረከብም። ብዙ ጊዜ የጠፋው ሰነድም የሚገኘው በዚያው የስልክ ጥሪ ነው።

ቀጥሎ ከከተማው የጸደቀውን ንድፍ ቅጂ አውጪ፤ ባለቤቱ ቤት ባለው ቅጂ ብቻ አትመኚ። ፈቃዱ አሁንም የሚሠራ መሆኑን ከሕንፃ ሹሙ (የግንባታ ፈቃድ ከሚሰጠው የከተማው ኃላፊ) አረጋግጪ። ከዚያ እያንዳንዱን ፎቅ እየዞርሽ የኮለኖቹን ስፋት ለኪና ከንድፉ ጋር አስተያዪ፤ ቱንቢ ጣይ፤ ስንጥቁን ሁሉ ቀን ባለው ፎቶ አንሺ። ሪፖርትሽ ሦስት ነገር ይለይ፦ ያየሁት፣ የለካሁት፣ ላየው ያልቻልኩት። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ መሠረቱ ተቀብሯልና። አንዱን ቅጂ ባለቤቱ ፈርመው ይቀበሉ፣ አንዱን ለሕንፃ ሹሙ አስገቢ። ይህ ሳይሆን አንዲት ባልዲ አርማታ እንዳይወጣ። ሳትመረምሪ አትፈርሚ።

ባለንብረት ከሞኖፖል፦ ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኛ ባለቤቶች በዚህ ሁሉ ወጪ ተማረናል። ንድፉን ከተማው አጽድቆታል፤ ለመጀመሪያው መሐንዲስ ከፍያለሁ፤ አሁን ደግሞ የሠራሁትን ቤት ለማስመርመር እንደገና ልክፈል?

መላሹ፦ ቅሬታዎ ይገባኛል። ከተማው ያጸደቀው ግን ወረቀቱን ነው። አርማታው እንደ ወረቀቱ መሞላቱን ያጸደቀ ሰው የለም፤ የሚያረጋግጠው ሰነድ ደግሞ ጠፍቷል። ሌላም ነገር ልንገርዎ። ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት በሕግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። እርስዎ ከከፈሉ በኋላ መሐንዲሱንና ተቋራጩን መጠየቅ ይችላሉ፤ በምን ማስረጃ? በዚሁ የምርመራ ሪፖርት። የሚከፍሉት ለእርስዎም ጥበቃ ነው።

ባለንብረት ከሞኖፖል፦ እሺ፣ ይሁን። ስንት ያስወጣኛል?

መላሹ፦ ዋጋ አትጠይቁኝ ብያለሁ። ሁለት ላቦራቶሪ ይጠይቁና ያወዳድሩ።

አንድ አባል፦ መሐንዲስ ኃላፊነት አለበት ወይስ የለበትም? ባጭሩ ይመልሱልን።

መላሹ፦ የቱ መሐንዲስ? ነዳፊው? ተቆጣጣሪው? ለተቋራጩ ተቀጥሮ ሳይት ላይ የሚውለው? በምን ውል? ለማን? ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ የለውም።

የሳይት መሐንዲስ ከታቦር፦ ኮር (ከአርማታው ተሰርስሮ የሚወጣ ናሙና) ማስቆፈር ውድ ነው፣ ኮለኑንም ያዳክማል። እኛ በሽሚት መዶሻ (ገጹን መትቶ በሚነጥረው መጠን ጥንካሬ የሚገምት መሣሪያ) ለካን፤ ሁሉም ከሲ25 የጥንካሬ ደረጃ በላይ ወጣ። ይበቃል አይደል?

የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፦ ወንድሜ፣ በመዶሻ ብቻ ማን ተቀበለህ? መዶሻው የሚለካው የላይኛውን ገጽ ጥንካሬ ነው።

የሳይት መሐንዲስ ከታቦር፦ በየቦታው ተቀብለውናል። እናንተ ላቦራቶሪዎች ገበያ ስለምትፈልጉ ነው ኮር ኮር የምትሉት።

የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፦ ገበያ ካልክ መዶሻውንም የምናከራየው እኛ ነን።

መላሹ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ቴክኒሻኑ ትክክል ነው። ምክንያቱን ግን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አርማታ ዓመታት ሲቆይ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ገጹ ይገባና ገጹን ያጠነክረዋል። መዶሻው ይህንን ቅርፊት መትቶ ይነጥርና ትልቅ ቁጥር ይሰጣል። ውስጡ ደካማ ቢሆን እንኳ አይነግራችሁም። ስለዚህ አሮጌ አርማታ ላይ መዶሻ ብቻውን የሚያታልለው ወደ አደገኛው ጎን ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ከሃያ ኮለን መካከል ከሌሎቹ የተለዩትን ለመምረጥ ይረዳል። ኮሩ ከዚያ ይወሰዳል።

ኮር ስትወስዱ መጀመሪያ ፌሮው ያለበትን በመሣሪያ ፈልጉ፤ ፌሮ መቁረጥ ነው ኮለኑን የሚያዳክመው። ቀዳዳውን በማይኮማተር ሞርታር ዝጉ። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመዘኛ የሦስት ኮር አማካይ ከተፈለገው ጥንካሬ ቢያንስ 85 በመቶ፣ አንዱም ከ75 በመቶ በታች እንዳይሆን ይጠይቃል። ቁጥሩን ከምን ጋር እንደምታነጻጽሩም እወቁ። ቁመቱ ከዲያሜትሩ እኩል የሆነ ኮር ከኪዩብ ጋር ይነጻጸራል፤ ቁመቱ እጥፍ የሆነው ከሲሊንደር ጋር። ሲ25 ስንል የኪዩቡ 25 ነው፤ የሲሊንደሩ 20 ነው። ይህን አምታቶ ጤነኛ ኮለን ያስፈረሰም፣ የታመመውን ያሳለፈም አለ።

ወጣት መሐንዲስ፦ ጋሼ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲመታው የኖረው የኮለን ፌሮስ? ተቀጣሪዎቹ ሰው እንዳይወጋ ብለው ወደ ጎን አጥፈውት ነበር፤ አሁን በቧንቧ እያቃኑት ነው።

መላሹ፦ ዛሬውኑ አስቁሚያቸው! ስለዚህ ጉዳይ ለሰው ሁሉ ስጮህ ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜ የታጠፈ ፌሮ በጉልበት ሲቃና መታጠፊያው ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም በዓይን ላይታይ ይችላል። በተለይ ከአርማታው የሚወጣበት ቦታ ላይ ጠበብ ተደርጎ የታጠፈ ከሆነ አደጋው የከፋ ነው። ያ ቦታ ደግሞ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ኮለኑ ከፍተኛውን ጉልበት የሚቀበልበት ነው።

ዝገቱን በተመለከተ በሽቦ ብሩሽ አስፈግፍጊው። ቀላል ቡናማ ዝገት ከሆነ ምንም አይደለም፤ አርማታው ይይዘዋል። እየተቀረፈ የሚወድቅ ከሆነ ግን ካጸዳሽ በኋላ ዲያሜትሩን በካሊፐር ለኪ። የ14 ሚሊ ሜትር ፌሮ 13 ከሆነ ብዙ ሰው «አንድ ሚሊ ብቻ ነው» ይላል። ስፋቱ ከ154 ወደ 133 ካሬ ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ 14 በመቶ ያህል ጠፍቷል። በስሌትሽ ያንን አስገቢ። ሶሌታው ላይ ውኃ የሚጠራቀምበትን የኮለኑን ሥር ደግሞ ጥቂት ፈልፍለሽ እዪ፤ ከሁሉ በላይ የሚበላው እዚያ ነው። ነባሩ ፌሮ ከአዲሱ ጋር የሚደራረብበት ርዝመትም ንድፉ የሚጠይቀውን ካላሟላ ቆርጦ መበየድ አማራጭ አይደለም፤ አርማታው ውስጥ ቀዳዳ ከፍቶ አዲስ ፌሮ በኬሚካል ማጣበቂያ መትከል አለ፣ እሱንም በስሌትና በሙከራ።

ስታፋውንም (ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያ የሚያስረውን ቀለበት) አትርሺ። ጫፉ 90 ዲግሪ ታጥፎ ከቀረ ኮለኑ ሲናወጥ ይከፈታል። 135 ዲግሪ ታጥፎ፣ ጫፉ የዲያሜትሩን አሥር እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ መሆን አለበት። የታችኛው ፎቅ ስታፋ እንዴት እንደታጠፈ ለማወቅ አንድ ሁለት ቦታ ሽፋኑን አንሺ። በስምሽ ከመቀጠልሽ በፊት እወቂው።

የሕግ ተማሪ፦ መምህር፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለአሥር ዓመት የሥራውን ጽናት ዋስትና ይሰጣል። የመጀመሪያው ተቋራጭ ሳያስረክብ ጥሎ ከሄደ አሥሩ ዓመት ከመቼ ይቆጠራል?

መላሹ፦ ይህ የጠበቃ ጥያቄ ነው። ከእኔ የምታገኘው ይህን ብቻ ነው፦ ተቋራጭ ሲቀየር የተሠራው ሥራ ይለካ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሦስቱም ወገን ይፈርም። ያ ቃለ ጉባኤ ከሌለ ክርክሩ ከመቼ እንደሚቆጠር ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንደሠራ ይሆናል።

ሌላ አባል፦ እኔም ጅምር ሕንፃ ተረክቤአለሁ። ከሥር ላለው እጠየቃለሁ?

መላሹ፦ ከላይ ለልጅቱ የመለስኩትን አንብብ።

ነዳፊ፦ ከላይ ሦስት ፎቅ የሚቀረው ሕንፃ ደርሶኛል። ስሌቱ የተሠራው በአሮጌው ኮድ (የሕንፃ ንድፍ ደንብ) ነው። ከተማው በዚያው ኮድ ፈቃድ ሰጥቶታል። እኔ ምን አገባኝ?

ማኅበራችን ያስብ (አባል)፦ ልክ ነው። ፈቃድ ያገኘ መብት ነው። ኮድ በተቀየረ ቁጥር ሕንፃ እናፍርስ?

መላሹ፦ ማንም አፍርሱ አላለም። ሁለት ነገር እየተቀላቀለባችሁ ነው። ፈቃዱ ባለቤቱ እንዲሠራ ከተማው ፈቀደለት ማለት ነው። ሕንፃው ይቆማል የሚለው ደግሞ የባለሙያው ቃል ነው፤ የባለሙያ ቃል የሚመዘነው ቃሉን በሰጠበት ቀን ሙያው በሚያውቀው ልክ ነው።

ያለንበትን ምድር አስቡት። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ክፍል 8 ሐዋሳን ከፍተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠና ውስጥ አስቀምጦ ነበር። የዚያ ቀጠና ቁጥር 0.10 ነበር፤ የመሬት ስበት ፍጥነት አንድ አሥረኛ ማለት ነው፣ ያውም በአማካይ በመቶ ዓመት አንዴ የሚደርስ ነውጥ ታስቦ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢኤስ ኢኤን 1998 የ475 ዓመት ድግግሞሽ ይዞ ከፍተኛውን ቀጠና 0.20 አደረሰው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላለ ከተማ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ስለ ወረቀት ብቻ የማወራ ለሚመስለው ደግሞ ጥር 2008 ዓ.ም.ን ላስታውስ፤ በሬክተር 4.3 የሆነች መካከለኛ ነውጥ ሐዋሳን አናውጣ በድንጋጤ የተጎዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። 4.3 በዚህ ሸለቆ ውስጥ ትንሿ ናት። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው ንውጽውጽታ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ሰውን ከቤት አስወጥቷል።

ስለዚህ የስሌቱን የመጀመሪያ ገጽ ክፈትና በየትኛው ኮድ እንደተሠራ እይ። በአሮጌው ከሆነ በአዲሱ እንደገና አስላው። ካለፈ ደስ ይበልህ። ካላለፈ አማራጭ አለህ፦ የሚቀሩትን ፎቆች መቀነስ፣ ክብደቱን ማቅለል፣ የሸር ግድግዳ (የጎን ግፊት የሚቋቋም የአርማታ ግድግዳ) መጨመር፣ ኮለኖቹን በአርማታ ልብስ ማወፈር። ሁሉም ዋጋ አለው፤ ለባለቤቱ በጽሑፍ አቅርብ። ሳትመረምር አትፈርም ስል ስሌቱንም ጨምሬ ነው።

ማኅበራችን ያስብ (አባል)፦ ከተማው የማይጠይቀውን እኛ ለምን እንጠይቃለን?

መላሹ፦ በፊርማህ ሥር የከተማው ስም ስለሌለ።

ግልጽ ተናጋሪ (አባል)፦ ሁላችንም የምናውቀውን ልናገር። በዚህ ሙያ ፊርማ ይሸጣል። ባለ ፈቃዱ ሳይቱን ሳያይ በየወሩ የተወሰነ ብር ተቀብሎ ስሙን ያከራያል። ወጣቱ በደመወዙ የቤት ኪራይ አይከፍልም። በሥነ ምግባር ትምህርት ይህ አይቆምም።

የሳይት መሐንዲስ ከታቦር፦ እውነት ተናገርክ። ሥራውን የምንሠራው እኛ፣ ስሙ የእነሱ።

ወጣት መሐንዲስ፦ እኔም ሁለት ጊዜ ተጠይቄአለሁ። እምቢ ስል ሌላ ሰው በሳምንቱ ፈረመላቸው።

ግልጽ ተናጋሪ (አባል)፦ ይኸው! እምቢ ያለው ይራባል።

መላሹ፦ የኑሮውን ክብደት አልክድም፤ የደመወዙ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ነገር ግን ስሙን ያከራየ ሰው የሸጠው ወረቀት ይመስለዋል። ሕንፃው ሰው ላይ ሲወድቅ ፍርድ ቤት የሚጠራው በወረቀቱ ላይ ኃላፊ ሆኖ የፈረመውን ነው፣ ያ ኃላፊም እሱ ነው። «ሳይቱን አላየሁትም» ብሎ መከላከል ጥፋቱን ራሱ ማመን ነው። አላየሁም ማለት እኮ ዋናው ቸልተኝነት ነው! ጅምር ሕንፃ ላይ ደግሞ ይህ እጥፍ ይከፋል፤ ከሥሩ ያለውንም ከላይ የሚመጣውንም ሳያይ ነው የፈረመው። ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚፈርም ሰው መሐንዲስ ብዬ ልጠራው አልችልም። ልጄ፣ እምቢ ማለትሽ ትክክል ነበር። ሌላው መፈረሙ ያንን አይለውጠውም።

ይህን ክርክር እዚህ ላይ እንተወው፤ ጥያቄ ያላቸው ሰዎች እየጠበቁ ነው።

ጥሎ የወጣ መሐንዲስ፦ እኔ በሌላ ወገን ነኝ። ባለቤቱ ክፍያ ስለከለከሉኝ ሥራውን አቋርጬ ወጣሁ። ሌላ ሰው እንደቀጠለ ሰማሁ። አሁን ነፃ ነኝ?

መላሹ፦ ይህ ማንም የማይጠይቀው ጥሩ ጥያቄ ነው። አንተ ላሠራኸው ክፍል ነፃ አይደለህም። ላላሠራኸው ነፃ ለመሆን ደግሞ የት ላይ እንዳቆምክ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልግሃል። በቁጣ ስልክ ዘግቶ መውጣት ማስረጃ አይሆንም። ዛሬም አልረፈደም፤ ደብዳቤ ጻፍ። ሥራውን የለቀቅህበትን ቀን፣ እስከዚያ ቀን የተሞላውን ክፍል፣ አይተህ ያጸደቅኸውን፣ ታይቶ ያልተስተካከለውን ጉድለት ዘርዝር። ለባለቤቱና ለሕንፃ ሹሙ አስገብተህ የተቀበሉበትን ማኅተም ያዝ። ሳይቱ በር ላይ ያለው ታፔላ ስምህን እንደያዘ ከሆነም እንዲነሳ በዚያው ደብዳቤ ጠይቅ፤ ስንቱ ሰው በለቀቀው ሕንፃ ታፔላ ላይ ስሙ ተሰቅሎ ይኖራል። አዲሱ መሐንዲስ ሲደውልልህ ደግሞ በባለቤቱ ተናድደህ ሰነድ አትከልክለው። ክፍያህን በፍርድ ቤት ጠይቅ፣ የኪዩብ ውጤቱን ግን ስጠው። ከዚያ ሕንፃ ሥር የሚውለው የአንተ ባለ ዕዳ ብቻ አይደለም።

ነዳፊ፦ የቀድሞውን ሰው ንድፍ አርሜ በራሴ ስም ማስገባት እችላለሁ?

መላሹ፦ አይሆንም። የሕንፃ ንድፍ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። ፈቃዱን አግኝ፤ ማሻሻያውን በራስህ ወረቀት ላይ ለብቻው አውጣና የቱ የማን እንደሆነ ይለይ። ይህ ለአንተም ይበጃል፤ ያልነደፍከውን እንደነደፍክ አትናገር።

አንድ ተቋራጭ፦ ለሥራው ዋስትና ከክፍያ ተቀናሽ የተያዘው ገንዘብ ለመጀመሪያው ተቋራጭ ነው ወይስ ለእኔ የሚለቀቀው?

መላሹ፦ ውሉን አንብብ። ስለ ገንዘብ አትጠይቁኝ።

ከሐይቅ ዳር፦ የእኛ ሕንፃ ለሐይቁ ቅርብ ነው። መሠረቱ ሲቆፈር ውኃ ይወጣ እንደነበር ጎረቤቶች ይናገራሉ። የአፈር ምርመራ ሪፖርት የለም። መሠረቱን እንዴት ልመርምር?

መላሹ፦ ጎረቤቶችን መጠየቅህ ብልህነት ነው፤ ብዙ መሐንዲስ አያደርገውም። ሐዋሳ የቆመችው የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ፓሚስም የተደራረበበት ምድር ላይ ነው። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይለያያል፤ የጎረቤትህን የአፈር ሪፖርት ለራስህ አትጠቀም። በሐይቁ አቅጣጫ ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው። ውኃ በሞላበት ጉድጓድ የተሞላ አርማታ ሲሚንቶው ታጥቦ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋቴ በመጀመሪያ እሱ ነው።

አዲስ የአፈር ምርመራ አሠራ። ከዚያ ብዙ ጭነት ከሚሸከሙት ጥቂት መሠረቶች አጠገብ አስቆፍር፤ ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ ጥልቀቱን ለካ፣ አርማታውንም ናሙና ውሰድ። በበጋ፣ ውኃው ሲወርድ አድርገው። አንዱን ሳትመልስ ሌላውን አትክፈት፤ ከመሠረቱ ወለል በታችም አትውረድ። መሠረት ሲመረምሩ መሠረት ያናጉ ሰዎች አሉ። የምድር ቤቱ ወለል ላይ የተንጋደደ ነገር ካለ ደግሞ የውኃ ልክ ይዘህ የኮለኖቹን ከፍታ አወዳድር፤ መስመጥ ካለ ያሳይሃል።

አንድ አባል፦ የሙያ ኃላፊነት መድን ብንገባስ? ከዚህ ሁሉ ጣጣ አያድንም?

መላሹ፦ ግቡ። ነገር ግን ታውቁት የነበረ ጉድለት ሳትናገሩ ከገባችሁ አይከፍላችሁም። የድሮ ሥራ መሸፈኑንና ጥያቄው መቼ መቅረብ እንዳለበት ውሉ ላይ አንብቡ። መድን ለእስር አይተካም።

ሌላ አባል፦ ጅምር ሕንፃ ስረከብ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መላሹ፦ አሁንስ ትዕግሥቴን እየተፈታተናችሁት ነው። ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የሳይት መሐንዲስ ከታቦር፦ አንድ የገባኝ ነገር፦ ሪፖርት ከጻፍን በኋላ ባለቤቱ «አይቼዋለሁ፣ ቀጥሉ» ቢሉ እኛ ነፃ ነን ማለት ነው?

መላሹ፦ አይደለም! ይህን ሁሉም ሰው ይስማ። ሪፖርት የሚጠብቃችሁ ካቆማችሁ ወይም ካስተካከላችሁ ብቻ ነው። «ኮለኑ ደካማ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ በላዩ ካስሞላችሁ፣ እያወቃችሁ ማድረጋችሁን የሚመሰክረው የገዛ ሪፖርታችሁ ነው። ባለቤቱ የራሳቸውን ገንዘብ አደጋ ላይ ለመጣል መብት አላቸው፤ የተከራዮቹንና የመንገደኛውን ሕይወት ግን ፈርመው ሊሰጧችሁ አይችሉም። ባለቤቱ ካልሰሙ ለሕንፃ ሹሙ በጽሑፍ አሳውቁና ውጡ።

ፎርማን፦ ጌታዬ፣ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የመጀመሪያው ተቋራጭ ጋርም ነበርኩ፣ አሁንም እዚያው ነኝ። አንደኛ ፎቅ ላይ ሁለት ኮለኖች ቫይብሬተር ተበላሽቶ ስለነበር ተቦርቡረው ወጥተው በሞርታር ተለስነዋል። አዲሱ ኢንጂነር አያውቅም። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ።

መላሹ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ከጻፍነው ሁሉ የአንተ ይበልጣል። የትኞቹ ኮለኖች እንደሆኑ ንድፉ ላይ ባለው ምልክት ለይና ለአዲሱ ኢንጂነር ዛሬ ንገረው፤ ከቻልክ ሳይት መዝገቡ ላይ አስጽፈው። ልስኑ ይነሳና ቡርቦራው እስከ የት እንደሆነ ይታይ። ጥልቀቱ ከፌሮው ካላለፈ በጥገና ሞርታር ይድናል፤ ካለፈ ኮለኑ ተደግፎ የላላው አርማታ ይወጣና እንደገና ይሞላል። ሦስተኛው ሶሌታ ካልተሞላ ይህ ቀላል ሥራ ነው። መቼ ነው የሚሞላው?

ፎርማን፦ ካሳፎርማው አልቋል። ሐሙስ።

መላሹ፦ እንግዲያው ኢንጂነሩን አሁኑኑ ጥራው። ካላመነህ የእኔን ስልክ በውስጥ መልእክት እልክልሃለሁ፣ አገናኘኝ። ሐሙስ እንዳይሞላ።